ማታ ቤት የተለጠፈ፣ ጠዋት ቢሮ የሚያስጠራ

ጅማ ላይ ለወላጆች፣ ለመምህራንና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓታችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። በር ላይ የቆማችሁ ልጆች ግቡ፤ ፊት ለፊት ወንበር አለ። የዛሬው ጉዳይ ከማንም በላይ የእናንተ ነው።

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። አንድ ተማሪ ኮቺ ሰፈር ያለው ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ በራሱ ስልክ ቲክቶክ ላይ አንድ ቪዲዮ ይለጥፋል። ጠዋት ሰልፍ ላይ ስሙ ይጠራል። ዩኒት ሊደሩ ቢሮ ያስገባዋል። "ነገ ወላጅ ይዘህ ና" ይባላል። ትምህርት ቤቱ ይህን የማድረግ ሥልጣን አለው? ካለውስ እስከ የት ድረስ?

የኔ አቋም ይህ ነው። ትምህርት ቤት ከግቢ ውጭ በተለጠፈ ነገር እጁን ማስገባት ያለበት ሰው ሲጎዳ ነው። አንድ የሚታወቅ ተማሪ ወይም መምህር ሲጎዳ፣ ወይም መማር ማስተማሩ ራሱ ሲደናቀፍ። ስሜ ተነካ፣ አስተዳደሩ አፈረ በሚል ብቻ መግባት የለበትም። በጥብቅና ሥራዬ የማየው ግን የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። የትምህርት ቤቱ ስም ሲነካ ኮሚቴው በማግስቱ ይሰበሰባል። ልጅ ስትነካ "ከግቢ ውጭ የተደረገ ነው፣ እኛን አይመለከትም" ይባላል።

ሁለት ጉዳዮች ላንሣ። ልጆቹ እንዳይታወቁ የትምህርት ቤቶቹን ስም አልጠራም።

የመጀመሪያዋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አባቷ ይዘውት የመጡት የእገዳ ደብዳቤ ግማሽ ገጽ አይሞላም። "የትምህርት ቤቱን መልካም ስም የሚያጎድፍ ምስል በማሰራጨቷ" ይላል። ምስሉ ምን እንደሆነ አይልም። የትኛው የደንቡ ቁጥር እንደተጣሰ አይጠቅስም። ልጅቷ ተጠይቃ ምን ብላ እንደመለሰች አንድ መስመር የለውም። ከሰኞ ጀምሮ ለ1 ወር መታገዷ ግን በአኃዝም በፊደልም ተጽፏል፤ ማኅተሙም ደምቆ አርፏል።

ቪዲዮውን አየሁት። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ነው። ቧንቧው ሲከፈት ምንም አይወርድም። ጥግ ላይ ባዶ ባልዲ አለ። የማንም ፊት አይታይም። የልጅቷ ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ "የወር አበባዋ የመጣባት ልጅ እዚህ ምን ታድርግ?" ትላለች። በቃ፣ ይኸው ነው። ቤቷ ሄዳ ማታ ለጠፈችው፤ ሰዉ ተቀባበለው።

ስልክ ይዛ ግቢ መግባቷ ደንብ ከጣሰ፣ ለሱ የሚመጥን ቅጣት አለ። ስልኩ ይያዛል፤ ወላጅ ሲመጣ ይመለሳል። ለዚህ ማንም አይከራከርም። 1 ወር መታገድ ግን ስለ ስልኩ የተሰጠ ቅጣት ሊሆን አይችልም። ስለ ቧንቧው በመናገሯ ነው የተቀጣችው። አቤቱታ አስገብተን ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። በመሀል ግን ሁለት ፈተና አልፏታል።

ሁለተኛዋ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። የክፍሏ ወንዶች የቴሌግራም ቻናል ከፈቱ። የሴቶቹን ፎቶ ከፕሮፋይላቸው እየለቀሙ፣ ነጥብ እየሰጡ፣ ከሥሩ ስድብ ይጽፋሉ። ስለ ገላቸው የተጻፈውን እዚህ ልጆች ፊት አላነበውም። እናቷ ስክሪንሾቶቹን ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትመው በፌስታል ይዘዋቸው መጡ። ለትምህርት ቤቱም ያሳዩት ያንኑ ነበር። "ቴሌግራም የኛ ግቢ አይደለም። ፖሊስ ጋር ይሂዱ" ተባሉ። ልጆቹ ግን በየቀኑ ከኋላዋ ሁለት ወንበር አልፈው ነው የሚቀመጡት። ሰሌዳ ላይ እንድትሠራ በተጠራች ቁጥር ነጥቧን በሹክሹክታ ይጠሯታል። መጀመሪያ ከሰሌዳ ቀረች። ከዚያ ከክፍል ቀረች። በመጨረሻ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረች። ዛሬም ቢሆን ይህ ነገር ሲታወሰኝ ያንገበግበኛል።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል?

ጠበቃ ከመሆኔ በፊት ሥነ ዜጋ አስተምር ነበር። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 29 ልጆቹ በቃላቸው ይወጡታል። ማንኛውም ሰው ሐሳቡን ያለ ጣልቃ ገብነት የመግለጽ መብት አለው፤ በመረጠው ማሰራጫ። "ማንኛውም ሰው" ነው የሚለው። 18 ዓመት የሞላው አይልም፤ ዩኒፎርም ያወለቀ አይልም። ገደብ የሚደረገው በሕግ ነው፤ ከምክንያቶቹም መካከል የወጣቶችን ደኅንነት፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም መጠበቅ ይገኙበታል። አያችሁ? የመጀመሪያዋን ልጅ የመናገር መብት የሚጠብቅላት፣ ሁለተኛዋን ልጅ ከስድብ የሚጠብቃት ያው አንድ አንቀጽ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አለ። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ኢትዮጵያ በ1991 ተቀብላዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ያጸደቅነው ስምምነት የሀገራችን ሕግ አካል ነው። አንቀጽ 12 ልጅን የሚመለከት ውሳኔ ሲሰጥ ልጁ ይሰማ ይላል። አንቀጽ 16 ስለ ግል ሕይወቱ ነው። አንቀጽ 28 ደግሞ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ሰብአዊ ክብር ጠብቆ ይፈጸም ይላል።

እንዲህም ሆኖ "ከግቢ ውጭ በቲክቶክ ስለተለጠፈ" ብሎ በዝርዝር የሚናገር አንቀጽ አታገኙም። ስለዚህ ሌሎች ይህን ጥያቄ እንዴት እንደፈቱት ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጅማ ላይ አያዝም። ክርክሩን ግን ከኛ ቀድመው ተከራክረውበታል።

እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ለትምህርት ቤቷ ዋናው የቺርሊዲንግ ቡድን ተወዳድራ ሳታልፍ ቀረች። ቺርሊዲንግ ማለት ጨዋታ ላይ እየጨፈሩ ቡድን የሚያበረታቱት ልጆች ናቸው። ቅዳሜ ቀን ከጓደኛዋ ጋር አንድ ሱቅ ሆና፣ ተናዳ፣ ስናፕቻት ላይ ትምህርት ቤቱንም ቡድኑንም የሚሳደብ ጽሑፍ ለጠፈች። ስናፕቻት ላይ እንዲህ ያለው ልጥፍ በ24 ሰዓት ይጠፋል። አንዷ ግን ስክሪንሾት አነሣችው፤ አሠልጣኞቹ ጋ ደረሰ። ከቡድኑ ለ1 ዓመት ታገደች። ወላጆቿ ከሰሱ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሄደ። በሰኔ 2021፣ 8 ለ1 በሆነ ድምፅ፣ ልጅቷ ረታች።

ዳኛ ስቲፈን ብሬየር የጻፉት ምክንያት ነው እኔን የሚገርመኝ። ልጅ ከግቢ ውጭ ሲሆን የማሳደጉ ኃላፊነት የወላጅ ነው አሉ። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የሚናገረውንም ውጭ የሚናገረውንም ከተቆጣጠረ፣ ልጁ በ24 ሰዓት ውስጥ ነፃ ሆኖ የሚናገርበት አንድ ደቂቃ አይቀረውም አሉ። ደግሞም ትምህርት ቤት ሰው የማይወደውን ሐሳብ ጭምር መጠበቅ አለበት፤ ዜጋ የሚበቅለው እዚያ ነው አሉ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ያው ፍርድ ቤት ለትምህርት ቤቶች በሩን ጥርቅም አድርጎ አልዘጋም። አንድን ተማሪ ለይቶ የሚያሳድድ ከባድ ማዋከብ፣ በመምህር ወይም በተማሪ ላይ የተሰነዘረ ዛቻ፣ ከቤት ሥራና ከትምህርት ሕግ ጋር የተያያዘ ጥፋት፣ እነዚህ ከግቢ ውጭም ቢሆኑ ትምህርት ቤቱን ሊመለከቱ ይችላሉ ብሏል። ከዚያ በፊት ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የተነሣ ሌላ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2011 በይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተወስኗል። አንዲት ተማሪ ቤቷ ሆና ማይስፔስ በተባለ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ላይ የክፍል ጓደኛዋን የምታዋርድበት ገጽ ከፈተች። በሽታ አለባት ብለው ተሳለቁባት። ትምህርት ቤቱ ቀጣ፤ ፍርድ ቤቱም ቅጣቱ ልክ ነው አለ።

ሁለቱን ፍርዶች ጎን ለጎን አድርጉ። ትምህርት ቤቷን የተሳደበችው ቅጣቷ ልክ አይደለም ተባለላት። ጓደኛዋን ያዋረደችው ቅጣቷ ጸና። እኛ ጋ ቧንቧ ያሳየችው ታግዳ፣ የጓደኞቻቸውን ገላ ነጥብ የሰጡት ዝም ተባሉ።

"ፖሊስ ጋር ሂዱ" የሚለውን መልስ በተመለከተ ትንሽ ልቆይ። ሕግ አለ፤ እውነት ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ሰውን በተደጋጋሚ መልእክት ማስፈራራትና ማሸበር ወንጀል ያደርጋል። አንቀጽ 12 ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ከሚመለከት ወሲባዊ ምስል ይከላከላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ሳይቀር የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ስማርት ስልክ በሌለበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

ግን የ14 ዓመት ልጅን ፖሊስ ጣቢያ መላክ ቀላሉ መንገድ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። በወንጀል ሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ያለው ይጠየቃል፤ የአዋቂ ቅጣት ግን አይፈጸምበትም፤ ከአዋቂ ጋርም አይታሰርም። ከ15 በላይ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ከባድ ጉዳይ ሲሆን፣ ዛቻ ሲኖር፣ የራቁት ምስል ሲኖር፣ አዎ፣ ፖሊስ። ከዚያ በመለስ ላለው ግን ፈጣኑና ለስላሳው መሣሪያ ያለው ትምህርት ቤት እጅ ነው። ቻናሉን በዚያው ቀን ማዘጋት፣ የልጆቹን ወላጆች መጥራት፣ ወንበር መቀየር፣ ልጅቷን በአማካሪ ማነጋገር። ለዚህ ችሎት አያስፈልግም።

ድንበሩ የት ነው ለሚለው፣ ከኛው ከተማ ልነሣ። ተማሪዎች ከመምህር ጋር ጅሬን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ሊጎበኙ ወጡ እንበል። ከግቢ ውጭ ናቸው፤ ነገር ግን በትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ሥር ናቸው። እዚያ ላይቭ ገብቶ ጓደኛውን ቢሰድብ ደንቡ ይከተለዋል። ያው ልጅ እሁድ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ሻይ እየጠጣ "የኛ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ የለውም" ብሎ ቢለጥፍ፣ ደንቡ አይከተለውም። ፈተና ሰርቆ ቤቱ ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ቢለቀውስ? ይከተለዋል፤ ምክንያቱም የተጎዳው ትምህርቱ ነው። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ ሲሰረዝ ስንት ሺህ ልጅ እንደተንገላታ ሁላችንም እናስታውሳለን። በ2015 ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄደው እንዲፈተኑ የተደረገው ስርቆትና ኩረጃ ለመከላከል ነው።

ሃይማኖትና ብሔር ሲሆን ነገሩ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጅማ ላይ አንድ ወንበር ላይ ሦስት ልጅ ሲቀመጥ፣ ሦስቱ ሦስት ዓይነት ቤት ውስጥ ያደጉ ናቸው። ማታ ግሩፕ ላይ የተጻፈ ስድብ ጠዋት ክፍል ውስጥ ይነሣል። የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። እኔ ግን መምህራንን የምለምነው ነገሩ አዋጅ ጋ ሳይደርስ በጠዋቱ ልጆቹን አስቀምጠው እንዲያነጋግሩ ነው። እዚህ ላይ መዘግየት ያስከፍላል።

አሁን ወደ ስልክ ብርበራ። "ስልክህን ክፈት፣ ፓስወርዱን ንገረኝ፣ ቴሌግራምህን አሳየኝ።" ይህ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ግን የሰው ደብዳቤው፣ ስልኩና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። ገደብ የሚደረገው አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖር፣ ያውም በሕግ በተደነገገ መንገድ ነው። ስለዚህ ስልኩን መያዝና ስልኩን ማንበብ የተለያዩ ናቸው። መያዝ ትችላላችሁ። ውስጡን መክፈት ግን ለመምህር የተሰጠ ሥልጣን አይደለም። አንዲት ልጅ ለእናቷ የላከችው መልእክት፣ ከሐኪም ያገኘችው ውጤት፣ የጓደኛዋ ምስጢር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

ሰልፍ ላይ አውጥቶ ይቅርታ ማስጠየቅ፣ ማንበርከክ፣ መግረፍም እንዲሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ ናቸው ይላል። የ800 ተማሪ ዓይን ፊት የተዋረደ ልጅ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤቱን እንዴት ይወደዋል?

ከሁሉ በላይ አጥብቄ የምናገረው ግን ልጁን ስለ መስማት ነው። አባቶቻችን "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" ይላሉ። ስክሪንሾት ተቆርጦ ይመጣል። ከላይ የነበረው አይታይም፤ ከታች የተባለው አይታይም። አካውንቱ ፌክ ሊሆን ይችላል። በሌላ ልጅ ስልክ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦሃዮ ውስጥ በታገዱ ተማሪዎች ጉዳይ ላይ፣ ለ10 ቀንና ከዚያ በታች ለሚሆን እገዳ እንኳ ልጁ የተከሰሰበት ነገር ይነገረው፣ ካልተቀበለ ማስረጃው ይገለጽለት፣ የራሱን ወገን ያስረዳ ብሏል። ይህ ከባድ ሥነ ሥርዓት አይደለም። አንድ ጠረጴዛ፣ ልጁ፣ ወላጁ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች የሚከተሉትን ላካፍላችሁ።

አንድ መምህር "እኛንስ ማን ይጠብቀናል? በየቀኑ ቲክቶክ ላይ እየተሰደብን ነው" ብለው ጠየቁ። መምህሬ፣ ሕመሙ ይገባኛል፤ እኔም ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ። "አርፍዶ ይገባል፣ ሳያስረዳ ያልፋል" ቢባል ይመራል እንጂ አስተያየት ነው፤ ልጁን ጠርቶ ማነጋገር ይሻላል። ፊትዎን ቆርጦ ራቁት ገላ ላይ ከለጠፈ፣ ወይም "መንገድ ላይ ጠብቅ" ብሎ ከዛተ ግን ትምህርት ቤቱ ያኔውኑ ሊቆምልዎት ይገባል። ያልቆመልዎት ከሆነ ይጻፉ፤ እኔም አብሬዎት እጽፋለሁ።

አንድ አባት ደግሞ "ስናስመዘግብ ደንቡን ፈርማችኋል ይሉናል" አሉ። ፊርማዎ ደንቡን አውቄዋለሁ ማለት ነው። የልጅዎን ሕገ መንግሥታዊ መብት አሳልፎ አይሰጥም። ለመሆኑ ደንቡን አንብበውት ነው የፈረሙት? ቅጂው ይሰጣችሁ። አፋን ኦሮሞ የሚያነበው በአፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ የሚያነበው በአማርኛ። "መልካም ስም ማጉደፍ" የምትል ቃል ካለች ምን ማለት እንደሆነች በምሳሌ ይጻፍ በሉ። ወሰን የሌላት ቃል ማንንም ለመቅጣት ትመቻለች።

ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች። "ግሩፑ ውስጥ ነበርኩ። ምንም አልጻፍኩም። እቀጣለሁ?" አለች። በግሩፕ ውስጥ ስለተገኘሽ ብቻ መቀጣት የለብሽም። ሰው የሚጠየቀው ባደረገው ነው። አንዳንዴ ሰው ሳይጠይቅሽ ነው የሚጨምርሽ። ፎርዋርድ ካደረግሽ ግን አድርገሻል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንቺ የላክሽው አሥር ሰው ጋ ይደርሳል። የተጎዳች ጓደኛ ካለችሽ ስክሪንሾቱን ከነቀኑ አስቀምጪ፣ ለምታምኚው መምህር ወይም ለቤተሰብ አሳዪ፣ ከዚያ ከግሩፑ ውጪ።

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ተነሡ። ልጃቸው በዚህ ሳምንት ታግዷል። "አሁን ምን ላድርግ?" አሉ። መጀመሪያ ውሳኔው በጽሑፍ ይሰጥዎ፤ በቃል የተባለን ማንም አይሽረውም። የተጣሰው የደንብ ቁጥርና ማስረጃው እንዲገለጽ ጠይቁ። ልጁ ሳይሰማ ተወስኖ ከሆነ አቤቱታዎ ላይ መጀመሪያ የሚጽፉት እሱን ነው። ለርዕሰ መምህሩ ያስገቡ፤ አንድ ቅጂ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ። ካልሰሙዎት ወደ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። ያስገቡት ወረቀት ላይ ቀንና ማኅተም ያስመቱ። በዚያው አቤቱታ ላይ አንድ መስመር ይጨምሩ፦ ጉዳዩ እስኪታይ ልጁ ፈተና እንዲቀመጥ። ውሳኔው ቢሻርለትም ያለፈውን ፈተና የሚመልስለት የለም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት፣ በር ሲከፈት ይድረሱ።